ከእርግማኑ ሦስት ቀን በፊት

ሥራዬ ስልክ መጠገን ነው። አዳማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማትርቅ ጠባብ ሱቅ፣ የተሰበረ ስክሪን ስቀይር፣ ውሃ የገባበት ቦርድ ሳደርቅ፣ ቻርጅ እምቢ ያለ ስልክ ስከፍትና ስገጥም ዐሥር ዓመት አልፎኛል። ሌሎች ጠጋኞች ማጉያ መስታወት ሲደቅኑ እኔ ያደረግኩትን መነጽር አውልቄ ቦርዱን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋለሁ። ከአሸዋ ቅንጣት የማትበልጥ ዕቃ ቁልጭ ብላ ትታየኛለች። ደንበኞቼ «ኑሬ፣ ያንተ ዓይን እኮ ማይክሮስኮፕ ነው» ይሉኛል፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። መነጽሬን ካወለቅኩ ከሱቄ ማዶ የቆመው ሰው ሴት ይሁን ወንድ እንደማልለይ ግን አልነግራቸውም። መነጽሬ ማይነስ ዘጠኝ ነው። ያ ቁጥር ለእኔ የመስታወቱ ውፍረት ብቻ ነበር። በዚያው ልክ ዓይኔ ውስጥ የሚሳሳ ነገር እንዳለ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

ጊዜው ሩቅ አይደለም፤ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ትዳር አልያዝኩም። እናቴ ገና በሕፃንነቴ ስለሞተች የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ ሰይድ ይባላል። በልጅነቱ ከወላጆቹ ጋር ከወሎ መጥቶ ዝዋይ ያደገ፣ ኋላም የከባድ መኪና ሾፌር ሆኖ ከሞያሌ አዳማ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ከተማዋን ሁሉም ባቱ ይላታል፤ እሱ ግን እስከዛሬ ዝዋይ ነው የሚላት። ሁለቱም ዓይኖቹ አያዩም። ቀኙ የጠፋው እኔ የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ግራው ከአራት ዓመት በኋላ ተከተለ። እንዴት እንደጠፉ እደርስበታለሁ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ የጥቅምት ቀን፣ ሰማዩ አንድም ደመና የሌለበት። የአዳማ ንፋስ አቧራውን ከመንገዱ አንስቶ እንደገና ያስተኛዋል። አንገቴን ደፍቼ አንድ ቦርድ ላይ እየበየድኩ ሳለ በቀኝ ዓይኔ ጥግ ብልጭ የሚል ብርሃን አየሁ። ጎረቤቴ በያጅ ስለሆነ የእሱ መስሎኝ ቀና ሳልል «ኧረ መጋረጃውን ዝጋው!» አልኩ። መልስ የለም። ቀና ስል በሩ ተቆልፏል፤ ለምሳ ወጥቷል።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ብልጭታው ከጨለማው ውስጥም መጣ፤ እንደ ቀጭን የብር ማጭድ ጥግ ጥጉን ሄዶ ጠፋ። ድምፅ የለውም፤ አያምም። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ያምር ነበር። ጭንቅላቴን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ስለሚመጣ ሆን ብዬ ሁለት ሦስቴ ደገምኩት።

ትንሽ ቆይቶ ጥቀርሻ መውረድ ጀመረ። ከቦርዱ ላይ በብሩሽ ልጠርገው ሞከርኩ፤ አልተጠረገም። ግድግዳውን ሳይ ግድግዳው ላይ አለ፤ ወደ ሰማይ ሳይ ሰማዩ ላይ አለ። ከተቃጠለ ወረቀት እንደሚነሣው ሆኖ በዝግታ ይዞራል፣ ይወርዳል፣ መልሶ ይነሣል። ድካም ነው ብዬ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩና ሥራዬን ቀጠልኩ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ሰዓት ያህል አባከንኩ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ሴትዮ ስልክ ይዛ መጣች። ስለ ባትሪው ትነግረኛለች፤ ፊቷን እያየሁ እሰማለሁ። እያወራች ሳለ በግራ ትከሻዬ በኩል ከታች የሆነ ነገር ፊቷ ላይ መውጣት ጀመረ። ጥላ ነው፣ ግን እንደ ውሃ ጠርዝ ያለው ጥላ። ግራ ዓይኔን ሸፈንኩ። በቀኙ ሳያት የአገጯ ግማሽ የለም። ቀኙን ሸፈንኩ፤ አገጯ ተመለሰ።

«ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» አለችኝ።

«ይቅርታ፣ ነገ ተመለሺ» ብዬ ስልኳን መለስኩላትና ሱቁን ዘጋሁ።

ባጃጅ ይዤ፣ ሾፌሩን «በናትህ ቀስ በል፣ ጉድጓድ እንዳትገባ» እያልኩ ወደ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ጠብታ ጨመረችልኝና ኮሪደር ላይ አስቀመጠችኝ። ብሌኔ እየሰፋ ሲሄድ ብርሃኑ ሁሉ ወደ ውስጤ ይፈስ ጀመር። ነጩ ግድግዳ አበራ፤ የሰዎቹ ዳርቻ ሟሟ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ነጠላቸው ራሱ የሚያበራ መሰለኝ። በዚያ ሁሉ ብርሃን መሐል ጥላው ብቻ በግራዬ ጥግ ቁጭ ብሏል። የፈራሁ አይመስለኝም። በሕልሜ የተቀመጥኩ ያህል ነበር የሚሰማኝ፤ ሰው ሲጠራኝ እንኳ ስሜን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ።

ሐኪሟ ዶክተር ጫልቱ ትባላለች፤ በዕድሜ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ፣ ድምጿ ዝግ ያለ። አንድ ማሽን ፊት አስቀመጠችኝ።

«አገጭህን እዚህ አሳርፍ፤ ግንባርህን አስጠጋ። ሰማያዊዋን ኮከብ ብቻ እይ። አትርገብገብ።»

ከኮከቧ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ከላይ ወደ ታች አለፈ። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። አንዱ ምስል ድርብርብ ንጣፍ የሚመስል፣ መሐሉ ላይ እንደ ትንሽ ሸለቆ ጎድጎድ ያለ ነበር። ሌላው ክብ ነው፤ በቀለም የተከፋፈለ።

«ይህ ማሽን የሬቲናህን ውፍረት ይለካል» አለች። «ሬቲና ማለት ዓይንህን ከውስጥ የሸፈነው፣ ብርሃኑን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። አረንጓዴው በአንተ ዕድሜ ያለ ሰው የሚኖረው ውፍረት ነው። ቢጫው ሳሳ ያለ፣ ቀዩ ደግሞ በጣም የሳሳ።»

መሐሉ አረንጓዴ ነበር። ዙሪያው ቢጫ፤ ከመሐሉ እየራቀ ሲሄድ ቀይ።

«ለምን ሳሳ?»

«ሩቅ የማታየው ለምን ይመስልሃል? ዓይንህ ከፊት ወደ ኋላ ረዝሟል። እንደ ኳስ ክብ መሆን ሲገባው ወደ እንቁላል ሄዷል። ዓይን ሲረዝም ሬቲናው አብሮ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ይሳሳል። ብዙ ጊዜ መሐሉ ውፍረቱን ይዞ ይቆያል፤ የሚጎዳው ዙሪያው ነው። ለዚህ ነው ሰው እያነበበ፣ እየሠራ፣ ምንም ሳይታወቀው ዓመታት የሚቆየው። ማሽኑ የሚያሳየኝ ግን መሐሉንና አካባቢውን ነው። ዳር ዳሩን ራሴ ማየት አለብኝ።»

መብራት ያለበት ነገር ግንባሯ ላይ አሰረች፤ በእጇ አንድ ሌንስ ያዘች። «ወደ ላይ እይ። ወደ ቀኝ። ወደ ቀኝና ወደ ላይ። እዚያ ቆይ።» እዚያው ብዙ ቆየች። ከዚያ መብራቱን አጥፍታ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና፣

«ከማን ጋር ነው የመጣኸው?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

«ብቻዬን ነኝ።»

«ህን ሶዳትን፤ አትፍራ፣ ግን በደንብ ስማኝ። ከላይ በቀኝ በኩል የሳሳው ቦታ ተቀዷል። በቀዳዳው ውሃ ገብቶ ሬቲናውን ከግድግዳው ማላቀቅ ጀምሯል። ያየኸው ጥላ እሱ ነው። መሐሉ ጋ አልደረሰም። እዚህ ያለውን ሌዘር የሚሠራው ሐኪም ነገ ጠዋት ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ አሁን ደውዬ አነጋግረዋለሁ። ውሃው ባለበት ከቆየ ዙሪያውን በሌዘር እናጥረዋለን። ወደ መሐል ከወረደ ግን ከባድ ቀዶ ጥገና ነው፤ ያም ሆኖ የሚመለሰው ምን ያህል እንደሆነ ቃል አልገባልህም።»

ከደወለችለት በኋላ መመሪያውን ደጋግማ ነገረችኝ፤ በቀኝ ጎኔ እንድተኛ፣ እንዳላጎነብስ፣ ምንም እንዳላነሣ፣ ስልክ እንዳልነካ፣ ከመጸዳጃ ቤት በቀር ከአልጋ እንዳልወርድ። ልወጣ ስል ጠየቀችኝ።

«ከቤተሰብህ ዓይኑ የጠፋ ሰው አለ?»

«አባቴ።»

«በምን?»

መልሱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ለመናገር ግን አፈርኩ። «በእርግማን» አልኳት።

አልሳቀችም። «ከመጥፋቱ በፊት ሩቅ ያይ ነበር?»

«እንጃ። ሾፌር ነበር።»

«ጠይቀው» አለችኝ።

ቤት ደርሼ በቀኝ ጎኔ ተጋደምኩ። ፀሐዩ ገና አልጠለቀም፤ በቢጫው መጋረጃ በኩል የሚገባው ብርሃን ክፍሉን ማር አስመስሎታል። ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል፤ ከመስጊዱ የሕፃናት የቁርኣን ንባብ። አባቴ በእጁ ግድግዳውን እየዳሰሰ መጣና ከአልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሐኪሟ ያለችኝን ሁሉ ነገርኩት። እጁ ግንባሬ ላይ አረፈ፤ ከዚያ አልተነሣም።

እንደዚያ ሆነን ብዙ ቆየን። እንቅልፍ ይወስደኝና ይመልሰኛል። ዓይኔን በገለጥኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ጥላውን ነው፤ ወጣ? ወረደ? አንዳንዴ የዝዋይን ሐይቅ ዳር የቆምኩ ይመስለኛል፤ ውሃው እግሬ ሥር ደርሶ የሚመለስ።

«ኑሬ» አለ አባቴ፤ «ብልጭታው ዓይንህን ስትጨፍንም ይታይህ ነበር?»

«አዎ።»

«ጭንቅላትህን ስታዞር ይብሳል።»

«አዎ።»

«ከዚያ ጥቀርሻው። ሰው ዝንብ ዝንብ ይላል፣ ዝንብ አይደለም፤ ጥቀርሻ ነው።»

ስለ ጥቀርሻው ለሐኪሟ እንጂ ለእሱ አልነገርኩትም። ልቀመጥ ብዬ ትዝ ሲለኝ መልሼ ተኛሁ።

«አባዬ፣ እንዴት አወቅክ?»

መልሱን ለመረዳት በቤታችን ይታወቅ የነበረውን ታሪክ ልንገራችሁ። አባቴ ዘይነብ የምትባል አንድ ታላቅ እህት አለችው፤ ዝዋይ ነው የምትኖረው። አያቴ ታማ በሞት አፋፍ ሳለች ለአባቴ መልእክት ተላከለት፤ በጊዜው ከሞያሌ እየተመለሰ ሻሸመኔ ደርሶ ነበር። ከሻሸመኔ ዝዋይ ስንት መንገድ ነው? ግን አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ሲደርስ አያቴ ተቀብራለች። አክስቴ በለቀስተኛው ፊት፣ «እናቱን ለመጨረሻ ያላየ ዓይን ይጥፋ!» ብላ ረገመችው። በሳምንቱ ቀኝ ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዘመዱ ሁሉ ዘንድ የአክስቴ ስም የወንድሟን ዓይን ያጠፋች ሆኖ ቀረ። ለኢድ የላከችልኝን ልብስ አባቴ ሳይከፈት መልሶታል። እኔም ያደግኩት እሷን እየፈራሁ ነው።

«ሻሸመኔ ከመድረሴ በፊት ነው የጀመረኝ» አለ አባቴ። ድምፁ ከወትሮው የቀጠነ ነበር። «መጀመሪያ ብልጭታው፣ ከዚያ ጥቀርሻው። ሻሸመኔ ስደርስ የመንገዱን ግማሽ አላየውም። መልእክቱ ጋራዥ ውስጥ ጠበቀኝ። በአንድ ዓይን ያን መኪና ይዤ ልወጣ ፈራሁ። ታምሜአለሁ ብል ደግሞ መኪናውን ይቀበሉኛል። ድሮም ሩቅ አይታየኝም ነበር፤ ለመንጃ ፈቃድ ሲፈትኑኝ ሰሌዳውን ከፊቴ ካለው ሰው አፍ ሸምድጄ ነው ያለፍኩት። ነገ ይለቀኛል፣ ነገ ይለቀኛል ብዬ ሁለት ሌሊት እዚያው አደርኩ።»

«እና ለአክስቴ ለምን አልነገርካትም?»

«ብልጭታው የጀመረኝ ከእርግማኑ ሦስት ቀን በፊት ነው» አለ፤ ያልኩትን ያልሰማ ይመስል። «ሦስት ቀን በፊት። መጀመሪያ ዝም ያልኩት ለሥራዬ ብዬ ነው። ኋላ ሥራውም ሄደ፤ ያኔ መናገር ነበረብኝ። ግን ሰው ሁሉ እያዘነልኝ ነበር። እናቱን ሳይቀብር የቀረ የሚለኝ ጠፋ። ጥፋቱ ሁሉ ወደ ዘይነብ ዞረ። ተመቸኝ፣ ኑሬ። እውነቱን ልንገርህ፣ ተመቸኝ።»

ተነሥቼ መውጣት አማረኝ። በሩን በኃይል ዘግቼ፣ መንገድ ለመንገድ መሄድ። አልችልም። ጭንቅላቴን እንኳ ማዞር አልችልም። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም፤ እንደዚያም ጸጥ ብዬ ተኝቼ አላውቅም። እጁ አሁንም ግንባሬ ላይ ነው። ብዙ ቆይቼ እጄን በእጁ ላይ አደረግኩ፤ ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም።

ጎህ ሲቀድ ግራ ዓይኔን ሸፍኜ የበሩን መቃን አየሁ።

«የት ደረሰ?» አለ አባቴ። ከወንበሩ ሳይነሣ ነው ያደረው።

«እዚያው ነው። ትንሽ ከፍ ያለ ይመስለኛል።»

«አልሀምዱሊላህ አትበል ገና» አለኝ።

አንድ ላይ ሄድን። የሌዘሩ ሐኪም ጎልማሳ ነው፤ ከዶክተር ጫልቱ ጋር ተራ በተራ ዓይኔን አዩና በራሳቸው ቋንቋ ተነጋገሩ። ከዚያ፣ «ከትናንቱ ትንሽ ሰፍቷል፤ ግን መሐሉን አልነካም። ይሠራል» አለኝ።

ሌዘሩ አረንጓዴ ብርሃን ነው። እያንዳንዱ ምት ዓይኔ ውስጥ እንደምትፈነዳ ኮከብ ይመስላል፤ አንዳንዱ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ አንዳንዱ ምንም። ክፍሉ ጠፋ፣ ሐኪሙ ጠፋ፤ በአረንጓዴ ሰማይ ላይ የተንጠለጠልኩ ያህል ሆንኩ። ሲያበቃ ዓለሙ ሁሉ ሐምራዊ ሆኖ ቆየኝ። «አጥረነዋል» አለ ሐኪሙ። «የሌዘሩ ጠባሳ ጠንክሮ እስኪይዝ ሁለት ሳምንት ያህል ተጠንቀቅ። የሳሳው ግን ተመልሶ አይወፍርም፤ በየጊዜው እየመጣህ ትታያለህ።»

አባቴ ኮሪደሩ ላይ ዶክተር ጫልቱን አስቁሟት ነበር።

«ልጄ፣ የእኔንም እዪልኝ። እንዲያይ አይደለም፤ ለማወቅ ነው።»

ብርሃን ወደ ውስጥ ስለማይገባ በአልትራሳውንድ አየችው። ስክሪኑ ላይ በጥቁሩ መሐል የተሸበሸበ ነጭ መስመር ነበር።

«ሁለቱም ሬቲናዎች ተላቅቀው ተጣጥፈዋል፤ በጣም ቆይተዋል። ዓይኖችዎም ረጃጅም ናቸው፣ እንደ ልጅዎ» አለችው።

«እርግማን እንዲህ ያደርጋል?»

የእርግማኑን ነገር ትናንት ከእኔ ስለሰማች አልደነገጠችም። «አባቴ፣ እርግማን ዓይን ሲያስረዝም አላየሁም» አለችው።

አባቴ እጁን ዘርግቶ ስክሪኑን ዳሰሰ፤ ምስሉ በጣቱ የሚሰማው ይመስል።

ጥንቃቄው እንዳበቃ ወደ ባቱ ተሳፈርን። ሚኒባሱ ሞጆን አልፎ ቆቃ ሲቃረብ አባቴ የንፋሱን እርጥበት አሽትቶ «ውሃው ሙሉ ነው?» አለኝ። ሙሉ ነበር። በቀኝ ዓይኔ ብቻ አየሁት፤ በግራዬ ጥግ ትንሽ ጠባብ ጥላ ቀርታለች፤ ከእሷ በቀር ሐይቁ ሁሉ አለ። መቂ ላይ ሽንኩርት ተጫነብን።

አክስቴ ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትመርጣለች። የግቢውን በር ስንገፋ ዓይኗን አጥብባ ወደ እኛ አየች። «ኤኙ? ማነው?» አለች። ዐሥር እርምጃ እንኳ አንርቃትም ነበር።

«ዘይነብ» አለ አባቴ።

ሽንኩርቱ ከእጇ ወደቀ። ተነሥታ ወደ ኋላ ሄደች እንጂ ወደ እኛ አልመጣችም።

አባቴ ከቆመበት ሳይቀመጥ ነገራት። ለእኔ እንደነገረኝ፤ ሻሸመኔን፣ ጋራዡን፣ ሁለቱን ሌሊቶች፣ ሦስቱን ቀናት። «ተመቸኝ» የምትለዋን ቃልም አልዘለላትም። ከዚያ «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አላት።

«ሃያ ሦስት ዓመት» አለች አክስቴ። «ሃያ ሦስት ዓመት ከአፌ ክፉ ቃል አላወጣሁም፣ ሰይድ። ልጆቼን መቆጣት ፈርቼ ነው ያሳደግኳቸው። ዶሮ ጎመኔን ስትጭርብኝ እንኳ ጎንበስ ብዬ በእጄ ነው የማባርራት። ምላሴ ሰው ያጠፋል ብዬ። አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ወደ ጓሮ ገባች። ውሃ ሲፈስ ይሰማል። ብዙ ቆየች።

«ሄደች?» አለኝ አባቴ።

«ጓሮ ናት።»

«ታለቅሳለች?»

«አትታየኝም።»

ስትመለስ ፊቷ ታጥቦ ነበር። «አውፍ ማለቱን ዛሬ አልችልም» አለች። «ምሳ ግን በልታችሁ ነው የምትሄዱት።»

ከሐይቁ የወጣ ዓሣ ጠብሳ አቀረበች። አጥንቱን እየለቀመች ለአባቴ ታቀርብለታለች፤ አንድ ቃል አትናገረውም። ከምሳ በኋላ ወደ እኔ ዞራ፣

«ሐኪሞቹ ያነሡትን ፎቶ ይዘሃል?» አለችኝ።

ሰጠኋት። የዓይኔን ባለቀለም ክብ፣ መሐሉ አረንጓዴ ዙሪያው ቀይ የሆነውን ወረቀት፣ አንሥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም። በጣቷ ቀለሞቹን ተከትላ ዞረች። ያን አያያዝ አውቀዋለሁ። እኔ ቦርድ የማየው እንደዚያ ነው።

«አክስቴ፣ ከደጅ ያለው ፓፓያ ስንት ፍሬ ይዟል?» አልኳት።

«ምኑን አውቄ። ሲወድቅ እቆጥረዋለሁ» አለች።

ለማሳመን ሌላ ወር ፈጀብኝ፤ በመጨረሻ ወደ አዳማ መጣች። ዶክተር ጫልቱ ማሽኑ ፊት አስቀመጠቻት። ዙሪያው እንደ እኔው ሳስቷል። ዳር ላይ ሁለት ደካማ ቦታዎች አገኘችባት፤ ያልተቀደዱ። ለጊዜው ሌዘር አያስፈልጋቸውም፤ ብልጭታ ካየች በዚያኑ ቀን እንድትመጣ፣ ካላየችም በየስድስት ወሩ እንድትታይ ነገረቻት። መነጽር አዘዘችላት፤ በስልሳ ስምንት ዓመቷ የመጀመሪያዋን።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሩቅ የማታዩ ከሆነ፣ በተለይ መነጽራችሁ ወፍራም ከሆነ፣ አንድ ቀን በዓይናችሁ ጥግ ድንገት ብልጭታ፣ ወይ ጥቀርሻ፣ ወይ ከየትም የመጣ ጥላ ብታዩ፣ ፊታችሁን ታጥባችሁ ሥራችሁን አትቀጥሉ። እኔ ሁለት ሰዓት አባክኜ ተረፍኩ። አባቴ ሦስት ቀን አባክኖ አልተረፈም።

ሌላውን ለማለት ይከብደኛል። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ፈርቶ ዝም አለ፤ ዝምታው ሲመቸው ደግሞ ቆየበት። እኔም አንድም ቀን «አክስቴ ምን ትላለች?» ብዬ ሳልጠይቅ ያደግኩት ታሪኩ የተሟላ ስለመሰለኝ ነው። አሁን ሰዎች «እገሌ እንዲህ ሆነ፣ እገሊት ስላደረገችው ነው» ሲሉ ስሰማ፣ ከዚያ በፊት ሦስት ቀን ምን ነበር ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ ግን አንድ ሰው ዓይኑን ይሰብራል።

አክስቴ «አውፍ ብዬሃለሁ» ስትል እስካሁን በጆሮዬ አልሰማሁም። መነጽሯ የደረሰ ቀን ግን እዚያው ነበርኩ። አድርጋው ወደ መነጽር ቤቱ በረንዳ ወጣች። መንገዱን አየች፣ የሱቆቹን ጽሑፍ አንድ በአንድ አነበበች፣ ከከተማው በላይ ያለውን ኮረብታ አየችና «ዛፍ አለው እንዴ?» አለች። ከዚያ ዞር ስትል አባቴ ጥቂት ራቅ ብሎ፣ በዱላው ተደግፎ ቆሟል። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ሰይድ» አለችው፤ «አርጅተሃል።»

«አንቺስ?» አላት።

ወደ እሱ ሄዳ ክንዱን ያዘች።

«እኔማ» አለች፣ «አንተ እስካላየኸኝ ድረስ እንደያኔው ነኝ።»

አባቴ ሳቀ። ሁለቱም እየሳቁ ደረጃውን ወረዱ፤ እሷ እርከኖቹን እየቆጠረችለት፣ «አንድ፣ ሁለት፣ እዚህ ጋ ዝቅ ይላል፣ ሦስት።»